በሰሜን ሸዋ ብርድ ብስክሌት ለመንዳት ምን እንልበስ?

በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ደብረ ብርሃን ላይ ብስክሌት ይዞ መውጣት ወኔ ይጠይቃል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ የሚጠይቀው ልብስ ነው ባይ ነኝ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። መንዝ ከዚያም ይብሳል፤ ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ንፋሱን የሚመልስ ነገር የለም። ያው ሜዳነቱ ግን ለብስክሌት ምቹ ነው። ተማሪውም ሠራተኛውም ልብሱን ካስተካከለ ለባጃጅ የሚከፍለው ብር ኪሱ ውስጥ ይቀራል።

ከውጭ የሚመጣው የብስክሌት ልብስ ዋጋው አይቀመስም። ደግነቱ የሚያስፈልገን ነገር አብዛኛው እዚሁ አለ። የዚህ አገር ሰው ከመንዝ በግ ሱፍ በርኖስ፣ ባናና ዝተት ሲሠራ የኖረው ብርዱን ስለሚያውቀው ነው። ችግሩ እነዚህ ልብሶች የተሠሩት በእግሩ ለሚሄድ፣ በቅሎ ላይ ለሚቀመጥና እሳት ዳር ለሚያመሽ ሰው መሆኑ ነው። ለብስክሌት እንዲሆኑ አደራረባቸውን መቀየር፣ አንዳንዴም መቁረጥና መስፋት ያስፈልጋል። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሱፍ ከውስጥ፣ ንፋስ የማያስገባ ከላይ፣ ጋቢ ተጠቅልሎ ከኋላ።

መጀመሪያ ብርዱን ለዩት

እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ብርድ አለ። ልብሳቸውም ይለያያል።

አንደኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ብርድ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ይለቀዋል። ሊነጋ ሲል ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ከዚያ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ 5 ሰዓት ላይ ጃኬት አያስለብስም። ስለዚህ የበጋው ልብስ ዋና ጠባዩ ቶሎ የሚወልቅና ቦርሳ ውስጥ የሚገባ መሆን ነው።

ሁለተኛው የክረምቱ እርጥብ ብርድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ፣ በረዶው፣ ጉሙና ጭቃው ይፈራረቃሉ። እንደ ታኅሣሥ ንጋት ውርጭ አይሆንም። ግን ውሃ ከደረቅ አየር በጣም በፈጠነ ሁኔታ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። እርጥብ ሰው በቀላል ብርድ ይንቀጠቀጣል።

በሁለቱም ላይ እናንተ ራሳችሁ የምታመጡት ንፋስ ይጨመራል። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ፊታችሁ ላይ የሚሰማችሁ ብርድ ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ 40 ሲሞላ ከዜሮ በታች ይገባል። በር ላይ ቆማችሁ ያልተሰማችሁ ብርድ ፔዳል ስትረግጡ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ይህን ሰምታችሁ ግን ልብስ አትቆልሉ። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። በር ላይ ከሞቃችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ላብ ያጠምቃችኋል። ያ ላብ ስትቆሙ ይበርዳል። ብርድ የሚመታው ያኔ ነው።

ደረጃ 1፦ ገላ ላይ የሚያርፈው

የጥጥ ካናቴራን እርሱት። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከደረት ጋር ተለጥፎ ያቀዘቅዛል። በምትኩ አሮጌ የእግር ኳስ ማሊያ ልበሱ። ማሊያ ላብ አይዝም፤ ወደ ውጭ አሳልፎ ቶሎ ይደርቃል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥም ተጥሎ ይገኛል። ጠበብ ያለና ገላን የሚነካ ይሁን።

ከማሊያው በላይ ሱፍ ይመጣል። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብ አይመስልም፤ ማሞቁንም አያቆምም። ሌላ ርካሽ ጨርቅ ይህን አይችልም። የመንዝ ሱፍ ሸካራ ስለሆነ በቀጥታ ገላ ላይ ቢያርፍ ያሳክካል። ማሊያው ከሥር ሲኖር ይህ ችግር የለም።

ሰልባጅ ተራ ስትሄዱ ወፍራሙን ሹራብ አትፈልጉ። ሁለት ቀጫጭን ሹራብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። በመሐላቸው አየር ይይዛሉ፣ ሲሞቃችሁም አንዱን ታወልቃላችሁ። የአንገቱ ጽሑፍ ከጠፋ ሱፍ መሆኑን በእሳት መለየት ይቻላል፦

ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ምዘዙ። ከልብሱ አርቃችሁ በክብሪት ለኩሷት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል። የቀረውን በጣት ስታሹት ይደቃል። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም ግራጫና ልስልስ ነው።

ድብልቅ ከሆነ ሁለቱም ምልክት ይታያል። ድብልቅም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ይልቁንም የክርኑ ቦታ ቶሎ አይበላም።

ደረጃ 2፦ ሰደርያው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። ንፋስ የሚመታው ደረትንና ሆድን ነው። ጀርባ ደግሞ የሚያልበው ነው። ስለዚህ ከፊት የሚዘጋ፣ ከኋላ የሚተነፍስ ልብስ ያስፈልገናል። ውድ የሆነው የብስክሌት ልብስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል።

የሚያስፈልገው ጨርቅ የተቀደደ በርኖስ፣ ያለቀ ባና ወይም የድሮ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ስለሆነች አሮጌ ብርድ ልብስ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በእሳቱ ፈትሹት። ከአያት የወረደ ደህና በርኖስ ካላችሁ ግን መቀስ አይንካው። ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለው ያ ካባ በእጅ ተፈትሎ፣ በእጅ ተሸምኖ የተሠራ ነው። የሚሠሩት እጆች እየቀነሱ ነው። እሱን ለበዓል ልበሱት። ለሰደርያ የሚሆነው ጫፉ ያለቀው ወይም ብል የበላው ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አድርቁት። ሱፍ መኮማተሩ አይቀርም። መኮማተሩ ካልቀረ ከመሰፋቱ በፊት ይሁን።

ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ ብስክሌቱን ይዛችሁ ሂዱ። ቆማችሁ አትለኩ። «ጋሼ፣ እንዲህ ተጎንብሼ ይለኩኝ» በሉ። ብስክሌቱ ላይ ወጥታችሁ፣ እጃችሁን መሪው ላይ አድርጋችሁ ከማጅራት ጀምሮ ከቀበቶ በታች አንድ ስንዝር ድረስ ጀርባችሁ ይለካ። ፊቱ ግን ቀበቶ ላይ ያብቃ። ፊቱ ከረዘመ ስትጎነበሱ ሆድ ላይ ተሰብስቦ ንፋስ ያስገባል። ጀርባው ካጠረ ወገብ ይጋለጣል። የወገብ ብርድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይለቅም።

የክንዱ ቀዳዳ ሰፋ ይበል። ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ሹራብ ይገባል፤ እጅም ወደ ፊት ይዘረጋል። ወገቡ ግን ጠበብ ብሎ ገላን ይያዝ። ልብስ ሰፊዎች ለምቾት ብለው ሰፋ ማድረግ ይወዳሉ። ጠበብ አድርጉልኝ ብላችሁ አስረግጣችሁ ንገሯቸው። የሚንቦረቀቅ ልብስ ንፋስ ይሰበስባል።

ከፊት ለፊት ሁለቱ ጎኖች ከውስጥ የጃንጥላ ጨርቅ ይደረብባቸዋል። የተሰበረ ጃንጥላ ፈልጉ። ጨርቁን ከሽቦው ለዩት። ቁራጮቹ ሦስት ማዕዘን ናቸው። አንዱን ሽቅብ አንዱን ቁልቁል አድርጋችሁ ጎን ለጎን ብትሰፏቸው አራት ማዕዘን ይወጣቸዋል። ይህ ስስ ጨርቅ ንፋስን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ክብደትም የለውም። ጀርባው ላይ ግን አትደርቡ። ጀርባው ሱፍ ብቻ ይሁን፤ ላቡ በዚያ ይውጣ።

ቁልፍ ሳይሆን ዚፕ ይደረግለት። ከዚፑ ኋላ ሁለት ጣት የሚሰፋ ጨርቅ ይሰፋ፤ አለዚያ ንፋሱ በዚፑ ጥርስ መሐል ይገባል። አንገቱ እስከ አገጭ የሚቆም ይሁን። ዳገት ላይ ዚፑን እስከ እምብርት ትከፍታላችሁ፣ ቁልቁለት ሳይጀምር ትዘጋላችሁ። ጓንታችሁን ሳታወልቁ እንድትከፍቱት ዚፑ ላይ የጫማ ማሰሪያ ቁራጭ እሰሩበት።

ጀርባው ላይ ከታች ሁለት ኪስ ይኑረው። አንዱ ለቆሎ፣ አንዱ ለተጣጠፈ ጋዜጣ። የጋዜጣውን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

በመጨረሻ ከጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ ወይም መብራት ሲያርፍበት የሚያበራውን ጥብጣብ አሰፉ። በርኖስና ባና ጥቁር ወይም ቡናማ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በጉም ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር ጥቁር ልብስ አያይም። ይህን አትዝለሉት።

ደረጃ 3፦ እግርና ጉልበት

ለብስክሌት ከተሠሩት ሱሪዎች ሁሉ የእኛው ተፈሪ ሱሪ የሚበልጥ ይመስለኛል። ጭኑ ላይ ሰፊ ነው፤ እግር እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ባቱ ላይ ጠባብ ነው፤ ሰንሰለት ውስጥ አይገባም። ንፋስም ከሥር አይገባም። ጠንከር ካለ ጨርቅ የተሰፋ ካላችሁ ከሳጥን አውጡት። ከሌላችሁ ተራ ሱሪን ቁርጭምጭሚት ላይ ሰብስባችሁ በመቀነት ወይም ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ቀለበት እሰሩት። የቀኙን እግር በተለይ አትርሱ፤ ሰንሰለቱ ያለው በዚያ በኩል ነው።

ጉልበት ሥጋ የለውም፤ ስለዚህ ይበርዳል። ሲበርድ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያማል። መፍትሔው የአሮጌ ሹራብ እጅጌ ነው። እጅጌውን ከብብቱ በታች ቁረጡት። የተቆረጠው ጫፍ እንዳይተረተር እጠፉና ስፉት፤ በእጥፋቱ ውስጥ ላስቲክ አስገቡበት። ሰፊው ጫፍ ወደ ጭን፣ ጠባቡ ወደ ባት ሆኖ ከሱሪ ሥር ይጠለቃል። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ቁርጭምጭሚት ዝቅ አድርጉት ወይም አውጡት። ከአንድ አሮጌ ሹራብ የጉልበት ልብስ አገኛችሁ ማለት ነው። የቀረው አካሉ ደግሞ እጅጌ የሌለው ሹራብ ሆኖ ያገለግላል።

በቀሚስ የምትነዱ እህቶች ከሥር ወፈር ያለ ታይት ልበሱ። የቀሚሱን ዘርፍ ወደ አንድ ጎን ሰብስባችሁ በመቀነት ወገብ ላይ እሰሩት። የኋላው ጎማ ላይ ከግራና ከቀኝ መረብ ቢታሰርበት ቀሚሱ አይያዝም።

ደረጃ 4፦ እጅና እግር ጣት

ከሁሉ በፊት የሚደነዝዘው ጣት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋውም እሱ ነው፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። ፍሬኑን ለመያዝ ጣታችሁ እምቢ ካላችሁ ወርዳችሁ ግፉ። እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ አስገብታችሁ አሙቁ። እስኪመለስ አትንዱ።

ተራው የሹራብ ጓንት ብቻውን ንፋስ ያሳልፋል። ከሥሩ ስስ የፕላስቲክ ጓንት ማድረግ ለአጭር መንገድ ይረዳል፤ ለረጅም ግን እጅ ውስጡ ያልበዋል። ለእኔ የሚሻለው መሪው ላይ የሚታሰር የእጅ ከረጢት ነው። ሞተር ነጂዎች ይጠቀሙበታል። ከአጎዛ ወይም ከብርድ ልብስ ጉማጅ ይሰፋል። ፀጉሩ ወደ ውስጥ፣ ቆዳው ወደ ውጭ ይሁን። አንዱ ጫፍ መሪው ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ለእጅ ክፍት ነው። ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ እጅ በአንድ ጊዜ ወጥቶ መግባት አለበት፤ ፍሬኑም ከረጢቱ ሳይነካው እስከ መጨረሻ መጨበጥ አለበት። ቤት ደጃፍ ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩት። ይህ ካለ ከሥሩ ስስ ጓንት ይበቃል።

እግር ላይ የሱፍ ካልሲ አንድ፣ ጫማው ጠበብ የማይል። ካልሲ ደራርቦ ጠባብ ጫማ ውስጥ መጨናነቅ ደም ስለሚያግድ የባሰ ያቀዘቅዛል። ከአጎዛ በእግራችሁ ልክ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ቆርጣችሁ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ብርዱ ከፔዳሉ በኩል ነው የሚመጣው፤ በተለይ ፔዳሉ ብረት ከሆነ። ንፋሱ ጣት ላይ ሲበረታ በካልሲውና በጫማው መሐል የጣቱን በኩል በፌስታል ሸፍኑት። ኮንጎ ጫማ ለክረምት ጭቃ ጥሩ ነው፤ ለውርጭ ግን አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ቀዳዳውም ንፋስ ያስገባል።

አጎዛ ከተረፋችሁ መቀመጫው ላይም አስሩት። ሌሊት ውጭ ያደረ መቀመጫ ጠዋት ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ራስና አንገት

ሄልሜት ካላችሁ ከሥሩ የሚገባው ቆብ ስስ ይሁን። ወፍራም ቆብ ሄልሜቱን ከራስ ያነሳዋል፤ ያኔ ስትወድቁ አያድንም። ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ ወይም በጆሮ ላይ የሚዞር ሻሽ በቂ ነው። ዓይን ላይ መነጽር አድርጉ። ብርዱ ያስለቅሳል፣ በበጋ ደግሞ አቧራው አለ።

ለአንገት ነጠላ አሪፍ ነው። ስስ ነው፣ ሲሞቅ ይላላል፣ አፍና አፍንጫም ይሸፍናል። ግን አጣፋችሁ አትልበሱት። በቁመቱ ሦስት ጊዜ እጠፉት፣ አንገት ላይ አንዴ አዙሩት፣ ሁለቱንም ጫፍ ሰደርያው ውስጥ ክተቱና ዚፑን ዝጉ። አንዲት ጫፍ እንኳ ውጭ መቅረት የለባትም። ጎማ ውስጥ የገባ ጨርቅ አንገትን ይዞ ይጥላል። ይህ ለነጠላም፣ ለሻርፕም፣ ለጋቢም ይሠራል።

ለክረምቱ ዝናብ

ገሳን ብዙ ወጣት ንቆ ትቶታል። ዝናብ ላይ ለቆመ እረኛ ግን ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ውሃውን በሣሩ ላይ አንሸራትቶ ያወርደዋል፣ ከሥሩ ደግሞ አየር ይገባል። ለብስክሌት አይሆንም፤ ሰፊ ነው፣ ንፋስ ይይዛል። ሐሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን፦ ከላይ የሚሸፍን፣ ከሥር ክፍት የሆነ ልብስ። ዙሪያውን የተዘጋ የላስቲክ ልብስ ውስጡ ያልባል፤ ዝናቡ ሳይነካችሁ በላባችሁ ትበሰብሳላችሁ።

በሜትር ከሚሸጠው ወፈር ያለ ላስቲክ 2 ሜትር ግዙ። መሐሉ ላይ ለራስ የሚሆን ቀዳዳ ቁረጡ፤ ቀዳዳው እንዳይቀደድ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉ። የፊቱ በኩል በእጃችሁ ላይ አልፎ መሪውን እስኪሸፍን ይርዘም። ከፊቱ ሁለት ማዕዘን ላይ አውራ ጣት የሚገባበት የክር ቀለበት እሰሩ፤ ንፋስ እንዳያነሳው ጣታችሁ ይይዘዋል። የኋላውን በኩል ወገብ ላይ በመቀነት እሰሩት። ጎንና ጎኑ ክፍት ይቅር። የጎን ንፋስ ሲበረታ አውልቁት፤ ወደ መኪና መንገድ ሊገፋችሁ ይችላል።

ለአጭር የከተማ መንገድ አንድ ምክር አለኝ፦ በሐምሌ ዝናብ ረጅም ሱሪ አትልበሱ። ቁምጣና የሱፍ የጉልበት እጅጌዎቹ ይበቃሉ። ገላ በፎጣ ወዲያው ይደርቃል፤ የራሰ ሱሪ ግን ማታ ድረስ ቀዝቃዛ ነው። ደረቁን ሱሪ በፌስታል አሥራችሁ ያዙና ስትደርሱ ቀይሩ። ብስክሌቱ የጭቃ መከላከያ ከሌለው ከተቆረጠ ጀሪካን ሥሩለት። ከጎማ የሚረጨው ውሃ ከሰማይ ከሚወርደው እኩል ያረጥባል።

በረዶ መጣል ሲጀምር ወይም መብረቅ ሲቀርብ ነገሩ የልብስ ጉዳይ አይደለም። ወርዳችሁ ቤት ተጠለሉ። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር ግን አትግቡ።

ጣርማ በርን ለሚያቋርጥ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፎ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። አየሩ በየ1000 ሜትሩ 6 ተኩል ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ ከላይ እስከ ታች የ12 ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል። በአንድ ቀን ሁለት አገር ልትለብሱ ነው።

ዳገቱ ላይ ሰደርያውን ክፈቱ፣ አንዱን ሹራብ አውልቁ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ዓላማው ላብ ሳያጠምቃችሁ አናቱ ላይ መድረስ ነው። አናቱ ላይ ሳትቆሙ ቁልቁለቱን አትጀምሩ። ማሊያው ከራሰ ደረቅ ማሊያ ቀይሩ። ያወለቃችሁትን ሹራብ መልሱ። አሁን ጋዜጣው ይውጣ። ሁለት ሦስት ገጽ ደራርባችሁ ከአንገት እስከ እምብርት ከሰደርያው ሥር ዘርጉትና ዚፑን ዝጉ። የአውሮፓ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተራራ አናት ላይ ሲደርሱ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ወረቀት ንፋስ ይከለክላል፣ ትንሽ እርጥበትም ይጠጣል። ደብረ ሲና ስትደርሱ አውጡት፤ የራሰ ወረቀት ጥቅም የለውም።

ለዋሻው የፊትና የኋላ መብራት ግዴታ ነው። ቁልቁለቱ ላይ አልፎ አልፎ ቁሙ። ፍሬኑም ይረፍ፣ ጣታችሁም ይሙቅ።

አረቄ ያሞቃል ብላችሁ አትጠጡ። ሙቀት የሚመስላችሁ ደም ወደ ቆዳ ስለሚሮጥ ነው። ያ ደም ሙቀቱን ለንፋሱ ሰጥቶ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ሻይና በሶ ይሻላል። በጥቅምት አንድ አጥንት ያሉት ወላጆቻችን ሰውነት በብርድ ጊዜ ማገዶ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር።

ጋቢው መቼ ይለበስ?

ጋቢ የምወደው ልብስ ነው። ግን ጥጥ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጫፉም ይወርዳል። እየነዱ ጋቢ መልበስ አደጋ ነው። ቦታው ከኋላ መጫኛው ላይ ነው፤ ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ፣ ፌስታል ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ቦታ ታስሮ።

ስትቆሙ ግን ከጋቢ የሚስተካከል የለም። ፔዳል መርገጥ ስታቆሙ ሰውነት ሙቀት መሥራቱን ይቀንሳል፤ ላቡ ግን አሁንም እየተነነ ያቀዘቅዛል። ያቺ ጊዜ ናት ክፉዋ። እንደወረዳችሁ፣ ብስክሌቱን ከመቆለፋችሁም በፊት፣ ጋቢውን አውጥታችሁ ተከናነቡ። ከዚያ በሥሩ ሆናችሁ የራሰውን ማሊያ ቀይሩ። ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር ብትቀመጡም ያው ነው፤ መጀመሪያ ጋቢ፣ ከዚያ ጎማ።

ሱፉን መጠበቅ

ሱፍ በየቀኑ አይታጠብም። ማታ ንፋስ ላይ አስጡት፤ ሽታው ይሄዳል። የሚታጠበው ማሊያው ነው። ሱፉን ስታጥቡ ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ውሃውን ተጭናችሁ አውጡ። ገመድ ላይ ካሰጣችሁት በውሃው ክብደት ይረዝማል፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጥላ ሥር ዘርጉት። በእንዶድ ማጠብ የምትወዱ ካላችሁ አረፋው ለሱፍ አይከፋም፤ እጣቢውን ግን ወንዝ ውስጥ አትድፉት፣ ዓሣ ይገድላል። ምድጃ አጠገብ ማድረቅም ሱፉን ያደርቀዋል፣ ያሳጥረዋል፤ አጎዛውን ደግሞ ያሰነጥቀዋል።

ብርዱ ሲያልፍ ንጹሕ ሆኖ፣ ፀሐይ መትቶት፣ በደንብ በተቋጠረ ላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ። ብል የሚወደው ላብ ያለበትን ሱፍ ነው።

ብር ካጠረ ከየት ይጀመር?

በአንድ ጊዜ ሁሉን ማሟላት አያስፈልግም። መጀመሪያ ጓንት ወይም የመሪ ከረጢት፤ ፍሬን መያዝ ይቀድማል። ቀጥሎ ጆሮ የሚሸፍን ቆብና ከጀርባ የሚሰፋው ነጭ ጨርቅ። ሁለቱም ምንም ያህል አያስወጡም። ማሊያና ጋዜጣ ከቤት ይገኛሉ። ከአሮጌ ሹራብ የጉልበት እጅጌዎቹን አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ ስፉ። ሰደርያው የልብስ ሰፊ ዋጋ ስላለው መጨረሻ ይምጣ፤ ግን ከጥቅምት በፊት ይድረስ። መስከረም ላይ ልብስ ሰፊው በበዓል ልብስ ይጨናነቃል፤ ጨርቁን በነሐሴ ውሰዱለት።